እትዬ ዶርካስ የፈሩት ውኃ

እትዬ ዶርካስ ፔሊ ጎረቤቴ ናቸው። ቤታቸው ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው፤ የወጥ ቤታቸው መስኮት ፊት ለፊት ሄርን ደሴትን ያያል። ደሴቲቱ ሩቅ አይደለችም። ባሕሩ ጸጥ ካለ በእኔ ጀልባ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። እሳቸው ግን ያንን ውኃ ሳይሻገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሩ። ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው፤ እናታቸው የተቀበሩት እዚያ ነው፤ አንድ የቀረቻቸው እህት፣ እትዬ ኬዛያም፣ የሚኖሩት እዚያው ነበር።

«አገሬን አላየሁም አልልም» ይሉ ነበር ሰው ሲጠይቃቸው። «በየቀኑ አየዋለሁ። ማየት ብቻ ሆነብኝ እንጂ።»

ነገሩ የጀመረው መንግሥት በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተበተነውን ሰው ወደ ዋናው ምድር ሰብስቦ ባሰፈረበት ዘመን ነው። ትምህርት ቤት አለ፣ ሐኪም አለ፣ መንገድ አለ ተባለ። አብዛኛው ሰው እሺ አለ። የእኛ አገር ቤት ደግሞ የእንጨት ነው፤ ሰው ሲሄድ ጥሎት አይሄድም። ከመሠረቱ ነቅሎ፣ በግንድ ላይ አንከባሎ ወደ ውኃው ያወርደዋል፤ ከሥሩ ባዶ በርሜል አስሮ በጀልባ እየጎተተ ያሻግረዋል። የእኛም ቤት የመጣው እንዲሁ ነው፤ እናቴ መጋረጃዋን እንኳ አላወረደችም ነበር።

የእትዬ ዶርካስ አባት ቤት የተነሳው በመኸር ነው። እሳቸው ያኔ ገና ወጣት ናቸው፣ ያላገቡ። ከሚጎተተው ቤት ኋላ በሚሄድ ትንሽ ጀልባ ላይ ከአባታቸው ጋር ተቀምጠዋል። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። አንዱ በርሜል ገመዱን በጥሶ ሄደ፤ ሌላው ተከተለው፤ ቤቱ በአንድ ጎኑ ተንጋደደ።

«ገመዱን ቁረጡት! ይዟችሁ ይሰምጣል!» ብለው ጮሁ አባትየው፣ ከፊት ለሚጎትቱት ሰዎች።

ተቆረጠ። ቤቱ ወዲያው አልሰመጠም፤ ቀስ እያለ ነው የወረደው። እትዬ ዶርካስ ልጅ ሆነው የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር። ውኃው በመስታወቱ ላይ ሽቅብ ሲወጣ አዩት።

ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጎዳም። እትዬ ዶርካስ በዚያ ቀን አላለቀሱም። እግራቸው ሥር ሬንጅ የተቀባ ወፍራም ገመድ ተጠቅልሎ ነበር፤ እሱን እያዩ ተቀመጡ። «ልብሴ ረጥቦ ስለነበር በረደኝ። ሌላ ምንም አልተሰማኝም» ነው የሚሉት።

እትዬ ኬዛያ ከመጀመሪያውም አልሄድም ብለው ነበር። እሳቸው፣ ባላቸውና አንድ ሌላ ቤተሰብ ሆነው ደሴቲቱ ላይ ቀሩ። አስፋሪዎቹ ሊያግባቧቸው ሲመጡ «ቤቴ ቤት ነው፤ መርከብ ቢሆን ኖሮ ቀዛፊ እቀጥርለት ነበር» ብለው በር ዘጉባቸው።

ፍርሃቱ የመጣው በሚቀጥለው ጸደይ ነው። እትዬ ዶርካስ ያኔ ጋሼ አምብሮዝን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ አግብተዋል። ጋሼ አምብሮዝ ጀልባ መቆሚያው ላይ ሬንጅ አፍልተው የጀልባቸውን ሆድ ሲቀቡ፣ እሳቸው ምሳ ይዘውላቸው ወረዱ። መቆሚያው አጠገብ ሲደርሱ የትኩስ ሬንጁ ሽታ መጣ። ልባቸው በአንድ ጊዜ መዝለል ጀመረ። ጣታቸው ደነዘዘ፣ አየር አጠራቸው። ዳቦውና ጨው ዓሣው መሬት ላይ ተበተነ።

«ሞት መጣብኝ ብዬ ነው» ይላሉ። «ሬንጅ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም። ልቤ ሊፈነዳ ነው፣ አለቀ፣ ሌላ አላልኩም።»

ጋሼ አምብሮዝ ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዷቸው። ዳገቱን ወጥተው በሩ ሲዘጋ ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ያቺ እፎይታ ደስ አለቻቸው፤ በማግሥቱ ወደ መቆሚያው አልወረዱም። ከዚያም ጀልባ ላይ መውጣት ቀረ። ከዚያ በባሕሩ ዳር ያለው መንገድ ቀረ፤ ወደ ሱቅ በላይ በኩል ዞረው መሄድ ጀመሩ። አንድ ነገር በተዉ ቁጥር ፍርሃቱ ወደ ሚቀጥለው ነገር ይጠጋል። ባላቸው በየማለዳው ሲወጡ የሚሸኟቸው ከአልጋ ላይ ነበር፤ መስኮት ላይ መቆም እንኳ የከበዳቸው ጊዜ ነበር።

ሰው አፉ ዝም አይልም። ሄድሊ የሚባል ቀልደኛ ሱቅ ውስጥ ሰው ሰብስቦ፦

«ዓሣ አጥማጅ አግብቶ ውኃ መፍራት! ጋጋሪ አግብቶ ዱቄት እንደ መፍራት አይደል እንዴ?» አለ።

ጋሼ አምብሮዝ ትምባሆ ሊገዙ ገብተው ኖሯል። «አንተስ ሚስትህን ትፈራ የለም እንዴ?» አሉት። «እኛ አንስቅብህም፤ ስናዝንልህ ነው የኖርነው።» ሱቁ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሄድሊ ያንን ቀልድ አልደገመውም።

እትዬ ኬዛያ በጋ በጋ እህታቸውን ሊያዩ ይሻገሩ ነበር። የእነዚያ ቀናት ሳቅ እስከ እኔ ቤት ይሰማ ነበር። የጣሳ ወተት የገባበት ሻይ እየጠጡ፣ የልጅነት ወሬ እያነሱ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ውሸት እያረሙ ይውላሉ። ሲመሽ መለያየት ይመጣል። እትዬ ዶርካስ የሚሸኙት እስከ ግቢው በር ብቻ ነው።

«እስከ መቆሚያው እንኳ አትሸኚኝም?» ይሏቸዋል እህታቸው።

«እግሬ እምቢ ይለኛል፣ ኬዛያ።»

«እግርሽን ምን ሆንክ ብለሽ ጠይቂልኝ እንግዲህ።» እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ጀልባዬ ላይ ሲወጡ ግን ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው ለረጅም ጊዜ ያያሉ።

ዓመታት ሄዱ። የእትዬ ኬዛያ ባል ሞቱ፤ እዚያው ደሴቲቱ ላይ ተቀበሩ። መንደሩ በሙሉ በጀልባ ተሻገረ። እትዬ ዶርካስ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ቦርሳቸውን ይዘው እስከ ግቢው በር መጡ። እዚያ ቆሙ። እኔ ከታች ሞተር አስነስቼ እጠብቃለሁ። ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ጋሼ አምብሮዝ ከዳገቱ ላይ በእጃቸው «ሂድ» አሉኝ። ቀብሩን እትዬ ዶርካስ ከመስኮታቸው ነው ያዩት፤ ሰዎቹ ከሩቅ ጥቁር ነጥብ ሆነው ኮረብታውን ሲወጡ።

ቆይቶ ጋሼ አምብሮዝም በሳንባ ሕመም ሐኪም ቤት አረፉ። እትዬ ኬዛያ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ሰበሩ። ታክመው ተመለሱ፤ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሻገሩም። ስልክ ገብቶ ስለነበር እሁድ እሁድ ይደዋወላሉ።

«ዳሌዬ ጀልባ አይችልም። አንቺ ነዪ እንጂ» ይሏቸዋል እትዬ ኬዛያ።

እትዬ ዶርካስ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው ያዛውራሉ። ከዚያ ስለ ድንች ያወራሉ።

ለእትዬ ኬዛያ በየሳምንቱ አስቤዛ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እትዬ ዶርካስ የራሳቸውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይሰጡኛል። አንድ ቀን እጄ ላይ ሲያስቀምጡት «ይሄ ዳቦ ከእኔ ይሻላል። እሱ ይሄዳል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ ቀና ብዬ ሳያቸው ቀልድ አልነበረም።

የሆነው ሆኖ አንድ ጊዜ ለደም ግፊት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ብራይዳ የምትባል ነርስ መጥታልን ነበር፤ የፍርሃትና የጭንቀት ነገር በደንብ የተማረች፣ ለወሬ የማትቸኩል ሴት። እጃቸው ላይ መለኪያውን አስራ ወደ መስኮቱ እያየች «ያች ደሴት ቆንጆ ናት፣ ሄደው ያውቃሉ?» አለቻቸው። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወጣ። ነርሷ መለኪያውን ፈትታ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። እትዬ ዶርካስ ቤቱ ሲሰምጥ ያዩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያወሩት ያን ቀን ነው።

«አብጃለሁ እንዴ ልጄ?» አሏት ሲጨርሱ።

«ኧረ በፍጹም! የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። ሥራዋ ዘበኝነት ነው። አደጋ ሲመጣ ልብን ታስሮጣለች፣ ደምን ወደ እግር ትልካለች፣ ሩጡ ትላለች። እሷ ባትኖር ኖሮ ሰው እስከ ዛሬ አይተርፍም ነበር። ችግሯ፣ ዓመተ ምሕረት አታውቅም። ያን ቀን ሬንጅ ሸተተ፣ ቤት ሰመጠ። ሁለቱን አንድ ላይ አሰረቻቸው። ዛሬም ሬንጅ ሲሸታት ቤቱ አሁን እየሰመጠ ነው የሚመስላት።»

«ታዲያ ድሮ ነው፣ አልፏል ብለሽ ንገሪልኛ!»

«በወሬ አትሰማም፤ እርስዎስ ስንቴ ነግረዋት የለ? አይታ ነው የምትማረው። በሸሹ ቁጥር እኮ “አየሽ፣ ስለሸሸን ነው የተረፍነው” ትላለች። ያቺ ቤት ሲገቡ የምትሰማዎት እፎይታ የእሷ ደመወዝ ናት። ደመወዟን እየከፈልን ሠላሳ ዓመት አኖርናት።»

እትዬ ዶርካስ ይቺ ነገር ገባቻቸው። «ካስተማርናት ፍርሃቱ ይጠፋል?» አሉ።

«አልዋሽዎትም፣ አይጠፋም። የድሮው ትዝታ እንዳለ ይቀመጣል። እኛ ሌላ ትዝታ ከላዩ እንደርብበታለን። አንዳንድ ቀን የታችኛው ብቅ ይላል።»

ማታውኑ ቤቴ መጥተው «ጋርላንድ፣ በጣሳ ትንሽ ሬንጅ ስጠኝ» አሉኝ። ምን ሊያደርጉበት ነው ብዬ ግራ ተጋባሁ፤ ሰጠኋቸው።

የመጀመሪያ ቀን ጣሳውን መስኮቱ ላይ አኑረው ክዳኑን ከፈቱ፤ ወዲያው ግቢ ውስጥ አውጥተው ወረወሩት። በማግሥቱ ፈልገው አነሱት። እየተንቀጠቀጡ አጠገቡ ተቀመጡ። ነርሷ «ልብ ሁልጊዜ እየሮጠ አይኖርም፣ ይደክመዋል፤ እስኪደክመው ይጠብቁት» ብላቸው ነበር። ጠበቁት። ደከመው። እንደዚያ ሲያደርጉ ሰንብተው ሬንጁ አጠገብ ካልሲ መሥራት ጀመሩ።

ከዚያ የባሕሩ ዳር መንገድ፤ ከዚያ መቆሚያው። ከዚያ የታሰረው ጀልባዬ ውስጥ መቀመጥ። እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ። በየቀኑ ይመጣሉ፣ ሕይወት አድን ጃኬቱን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እያንጎራጎሩ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወርደው ይሄዳሉ። ፍርሃቱ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። ነርሷ መጥታ መቆሚያው ላይ ቆማ አየቻቸው።

«እየዘመሩ ነው እንዴ?»

«መዝሙር ኃጢአት ሆነ?»

«ኧረ ይዘምሩ፣ ግን ቤተ ክርስቲያን። እዚህ ሲዘምሩ ዘበኛዋ “ያተረፈን መዝሙሩ ነው” ትላለች። ጀልባ ውስጥ ተቀምጠውም እየሸሹ ነው። ዓይንዎን ይግለጡ። ዝም ይበሉ። ውኃውን ይዩት።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ከጀልባው ጠርዝ በታች ያለውን ጥቁር ውኃ አዩ። ማልቀስ ጀመሩ። ለቅሷቸው የፍርሃት አልነበረም።

«እናቴ የሰፋችው መጋረጃ እኮ ነው» አሉ። «ቢጫ አበባ ያለበት። መስታወቱ ውስጥ ቆሞ ወረደ። ማንም አላለቀሰለትም እኮ።»

እኔ ፊቴን አዙሬ ገመድ የምፈታ መሰልኩ። ነርሷ ጀልባው ውስጥ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለቤታቸው ያለቀሱት በዚያን ቀን ነው፤ ቤቱ ከሰመጠ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ከመቆሚያው ለመጀመሪያ ጊዜ ስንወጣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። መቆሚያው አፍ ላይ ካለው ድንጋይ እንዳለፍን ትንሽ ሞገድ ጎናችንን መታን፤ እትዬ ዶርካስ ክንዴን ያዙ። «መልሰኝ! ጋርላንድ፣ በእግዚአብሔር መልሰኝ!» አሳዘኑኝና ወዲያው ጀልባውን አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከቤት አልወጡም። ነርሷ ስትሰማ ተቆጣችኝ።

«ፍርሃታቸው ጫፍ ላይ እያለ ከመለስካቸው ያችን ጫፍ ይዘዋት ይገባሉ። ሞተሩን አጥፋና አብረሃቸው ቁጭ በል። ሲበርድላቸው ያኔ ትመለሳለህ።»

ሌላ ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። ሞገዱ ሲመጣ ሞተሩን አጠፋሁ። «ምን ሆንክ?» አሉኝ። «እትዬ ዶርካስ፣ ቁጭ እንበልና ይለፍ» አልኳቸው። ሰደቡኝ። ከስድቡ ብዛት የተነሳ አባቴንም ነኩብኝ። ከዚያ ትንፋሻቸው ረዘመ፤ ከዚያ ውኃው ላይ የተቀመጠች ወፍ አይተው «ይቺ ምን አለባት» አሉ። ያኔ ነው እንደምንሻገር ያወቅሁት።

የተሻገርነው በበጋው መጨረሻ፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ረፋድ ነው። ለእህታቸው አልነገሯቸውም፤ ሳልችል ብቀርስ ብለው። መዳፋቸው መንገዱን በሙሉ ላብ በላብ ነበር፤ በቀሚሳቸው ሲጠርጉት አያለሁ። ወደ ደሴቲቱ ስንጠጋ ግን እጃቸውን ረስተውት ነበር። የማን በረንዳ የት እንደነበረ፣ የማን ቤት መሠረት የትኛው እንደሆነ፣ ድንጋዩን በጣታቸው እየቆጠሩ ስም ይጠራሉ። ቦታው ሁሉ ሣር ውጦታል። የአባታቸው ቤት የነበረበት ላይ የዱር ፍሬ በቅሎበታል።

የእትዬ ኬዛያን በር ሳያንኳኩ ከፈቱ።

«ማነው? ጋርላንድ፣ አንተ ነህ?» አሉ እትዬ ኬዛያ ከወንበራቸው ላይ።

«እኔ ነኝ።»

ምድጃው ላይ ውኃ እየፈላ ነበር። ከዚያ እትዬ ኬዛያ፦ «ቆየሽ። ሻዩ ቀዘቀዘ» አሉ፤ ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

እትዬ ዶርካስ ተንበርክከው እህታቸውን ከነወንበራቸው አቀፏቸው። እኔ አስቤዛውን ደጅ አስቀምጬ ወደ ጀልባው ወረድኩ። ተመልሼ ስመጣ ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። እትዬ ኬዛያ ሻይ ሊቀዱ ሲነሱ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ የምድጃውን እጀታ እየጨበጡ፣ ዓይናቸውን ከእግራቸው ሳይነቅሉ፣ ሰውነታቸውን ገትረው ነው የሚሄዱት። እትዬ ዶርካስ ይሄን አይተዋል።

«ደጅ የወጣሽው መቼ ነው?»

«ዳሌዬ እኮ ነው።»

«ዳሌሽ ድኗል፤ ሐኪሙ ተራመጂ ብሎሻል፣ አንቺው ነሽ በስልክ የነገርሽኝ። ፈርተሽ ነው።»

«አንቺ! ደግሞ አንቺ ስለ ፍርሃት ትነግሪኝ?»

«ታዲያ ማን ይንገርሽ? ሄድሊ?»

እትዬ ኬዛያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ቀስ ብለው «እንደገና ብወድቅ ማን ያነሳኛል ብዬ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ደጃፉን ተውኩ። ከዚያ ጓዳውን። አሁን ይቺ ወንበር ነች የቀረችኝ።»

እትዬ ዶርካስ ከነርሷ የሰሙትን በራሳቸው ቋንቋ ነገሯቸው። ሰው እወድቃለሁ ብሎ ሰውነቱን ሲገትር ነው ይበልጥ የሚወድቀው፤ ባልተራመደም ቁጥር እግሩ ይሰንፋል፤ ከዚያ ፍርሃቱ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። ያን ቀን ክንድ ለክንድ ተያይዘው እስከ ደጃፉ ደረሱ፤ ያ ለዕለቱ በቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ እትዬ ዶርካስን በየሳምንቱ አሻገርኳቸው። በሚቀጥለው በጋ እትዬ ኬዛያ ያለ ግድግዳ እስከ ግቢያቸው በር መድረስ ቻሉ። እዚያ ወንበር አስቀምጠን ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እስከ መቆሚያው ግን አልደረሱም። እህታቸው ወደ እኛ መንደር ወስደዋቸው አብረው ሊኖሩ ተመኝተው ነበር፤ ብዙ ለመኗቸው። «ሌላ ጊዜ» ይላሉ እትዬ ኬዛያ። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም።

የሞቱት በመኸር፣ በእንቅልፋቸው ነው። የቀብሩ ቀን ባሕሩ ክፉ ነበር። እኔ ራሴ «ነገ ይሁን፣ እትዬ ዶርካስ» አልኳቸው።

«የባሏን ቀብር በመስኮት ነው ያየሁት» አሉና ጀልባው ውስጥ ገቡ።

መንገዱን በሙሉ ተንቀጠቀጡ፣ አስመለሳቸው፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም። ኮረብታውን ከሰው ሁሉ ፊት ወጡ፤ አፈሩን በእጃቸው አለበሱ።

አሁን ደሴቲቱ ላይ የሚኖር ሰው የለም፤ ቀርቶ የነበረው ሌላው ቤተሰብም ለቀቀ። እትዬ ዶርካስ አርጅተዋል፣ ግን በጋ በጋ አሁንም ይሻገራሉ። መዳፋቸው አሁንም ያልባል። አንድ ቀን መንገድ ላይ «አሁን እንኳ ለመዱት አይደል?» አልኳቸው።

«ውኃውን ለምጄዋለሁ» አሉ ወደ ደሴቲቱ እያዩ። «ድሮ እኮ ፍርሃቱ ናፍቆቴን ይሸፍንልኝ ነበር። መሄድ ስለማልችል ነው የምናፍቀው እል ነበር። ይኸው እሄዳለሁ፣ እደርሳለሁ፣ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። እዚያው ተቀምጬ ይናፍቀኛል።»

እኔ ጀልባውን ወደ መቆሚያው አስጠጋሁ።

ትናንት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ «ነገ ባሕሩ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነፋስ ይኖረዋል አልኳቸው።

«ካልሲ ደርቤ እመጣለሁ» አሉ።